በሲሼልስ ያረፍንባቸው ቀናት

ልጃችን የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት። ለእናትና ለአባቷ በርካሽ የምታገኘው ቲኬት እንዳለ ሥራ ከያዘች ጀምሮ ስትነግረን ኖራለች፤ እኔና ባለቤቴ ግን አንድም ቀን ከልብ ሰምተናት አናውቅም። ቢቸና ተቀምጦ ወዴት ይበረራል? ባለቤቴማ «ከደጀን ወዲያ ያለውን አገር ለልጄ አውርሻታለሁ» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ያን ዓመት ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጂኦግራፊ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ጠዋት ተነስተን በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ተኩስ ሲሰማ ወደ ውስጥ እንገባለን፤ ጸጥ ሲል ተመልሰን እንወጣለን። ስልክ አንዳንዱን ሳምንት ይሠራል፣ አንዳንዱን አይሠራም። መንገዱም እንደዚያው ነው። ልጃችን መስመር ባገኘች ቁጥር ትደውልና «ምን እየሠራችሁ ነው?» ትለናለች። «ተቀምጠናል» እንላታለን። አንድ ቀን ይህንኑ ስመልስላት ስልኩ ውስጥ ለቅሶዋ ተሰማኝ።

«እንዲህ እንደተቀመጣችሁ ልታረጁብኝ ነው» አለች። «ከፋሲካ በኋላ ሲሼልስ ትሄዳላችሁ። ቪዛ አይጠይቁም። ጾም የለም፣ ዓሣ ትበላላችሁ።»

«ሲሼልስ ምን አለ?» አልኳት።

«ምንም የለም እማዬ። ባሕር ነው። ሰው ለማረፍ ነው የሚሄደው።»

ከዚያ ፎቶ ላከችልን። ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውኃው ያዘነበለ ዘንባባ፣ እንደተኛ በሬ ጀርባ የለሰለሰ ትልልቅ ድንጋይ። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ሲያይ ቆየና «ይሄ የተሣለ ነው» አለ። እኔ ግን ልቤን የወሰደው የአገሩ ትንሽነት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በካርታ ፊት ቆሜ ሳስተምር ጣቴን አሳርፌበት የማላውቅ፣ ዝንብ የጣለችው የሚመስል ነጥብ ነው። ስለዚያ ነጥብ ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። አሁን እዚያ ነጥብ ላይ ልትቆሚ ነው ስባል፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንቅልፍ አጣሁ።

ከመሄዳችን በፊት እናቴን ልሰናበት ሞጣ ወጣሁ። ያን ሰሞን በጉንደ ወይን በኩል መኪና ይገኝ ስለነበር ዕድሌን አመስግኜ ተሳፈርኩ። እናቴ ከገበያው በላይ ባለው ቤታችን ብቻዋን ነበር የምትኖር። ብቻዋን ማለትም ያስቸግራል። ግድግዳ ብቻ የሚለየን፣ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሙስሊም ጎረቤት አሉን፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሁለቱ አብረው ወልደው፣ አብረው ባል ቀብረው፣ አብረው አርጅተዋል። የእናቴ በር ጠዋት ከዘገየ እትዬ መጥተው ያንኳኳሉ።

ደጃፏ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ነገሩን ስነግራት ትክ ብላ አየችኝ።

«ለሥራ ነው?»

«አይደለም።»

«አሞሽ ለሕክምና ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማ።»

«ታዲያ ባሕር ተሻግረሽ ምን ልታደርጊ?»

«ለማረፍ።»

ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «እኛ የምናውቀው ሰው ሲሞት ነው አረፈ ሲባል። ሳይሞቱ ማረፍ ካለማ ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

እትዬ በአጥሩ በኩል ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ። «ሐጅ የሄዱት በላዩ በረው ነው የሚያልፉት» አሉ። «ቁልቁል ሲያዩት ሌላ ሰማይ ይመስላል ይላሉ።»

«ከአባይ ይበልጣል?» አለች እናቴ።

«ዳር የለውም አሉ።»

«ዳር የሌለው ነገርስ ለእኔ አይሆነኝም» አለች። ስንሰነባበት ጉንጬን ሁለት እጇ መሐል አድርጋ «በደህና ግቢ፤ ለእኔ አታስቢ» አለችኝ። ወገቤን ከማለት በቀር በሽታ አልነበረባትም። ዘወር ብዬ ሳይ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ እያየችኝ ነበር።

አዲስ አበባ ልጃችን ቤት አንድ ቀን አደርን። ለአባቷ ቁምጣ ሱሪ ገዝታ ጠበቀችው። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቁምጣ ለብሼ የተማሪዎቼ ወላጆች ቢያዩኝስ?» አለ። «አባዬ፣ እዚያ የማን ወላጅ አለ?» አለችው። አልለበሰውም፤ ግን ሻንጣው ውስጥ ሲከተው አይቻለሁ።

አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ከታች ውኃ ብቻ ነበር። መሬት የሚባል የለም። ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ሰው ፊት እጄን ሲይዘኝ ያኔ የመጀመሪያው ነው። ውኃው ላይ አረፍን ስል ድንገት አረንጓዴ ተራራ ከባሕሩ ተነሥቶ ጎናችን ቆመ፤ መንኮራኩሩም መሬት ነካ።

ያረፍነው በአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የእንግዳ ማረፊያ ነው። አንገቷ ላይ ትንሽ የወርቅ መስቀል አለ። የእኛን ማተብ ስታይ በጣቷ መስቀሏን ነካ አደረገችና ፈገግ አለች፤ ከዚያ በኋላ ዘመድ ሆንን። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ብዙም አይሻልም ነበር። ጠዋት ጠዋት ዛፍ ላይ የሚያፈራ፣ ሲጠበስ ድንች ድንች የሚል ነገር ትሰጠናለች። ከቤቷ ደጅ እስከ ባሕሩ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ባሕሩን ቆመን አየነው። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባ። ማዕበሉ መጥቶ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ ሲወስድበት «ይዞኝ ሊሄድ ነው!» ብሎ ጮኸና ወጣ። ተመልሶም ገባ። እኔም የቤት ቀሚሴን እንደለበስኩ ተከተልኩት። ውኃው ለብ ያለ ነው። ጣቴን ላስሁ፤ ጨው ነው። ጨው መሆኑን ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ በምላሴ ስቀምሰው ግን ሌላ ነገር ሆነብኝ።

ሰው ለምን ያንን አገር እንደሚወድ ቢጠይቁኝ ስለ አሸዋውና ስለ ዘንባባው አልናገርም። እኔን የማረከኝ ሌላ ነው። ከቤት ስንወጣ ዛሬ መንገድ አለ ወይ ብለን አልጠየቅንም። አውቶቡስ በሰዓቱ ይመጣል፤ ሴቶች ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያወራሉ፤ ሁሉም በሰላም ይወርዳል። ዋና ከተማው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በእግር ቢሄዱት የማያደክም ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ የሰዓት ማማ አለ፤ ከእሱ ወዲያ ገበያው ላይ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች፣ ከዓሣው ላይ ሊሰርቁ የሚያደቡ ነጫጭ ወፎች አሉ። የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት ነሽ፣ በየት በኩል መጣሽ የሚል የለም። ዝናብ ድንገት ይመጣል፤ እኛ መጠለያ ስንፈልግ ያባራል። ከሰዓት በኋላ በሩን ሳልዘጋ ተኛሁ። ስነቃ ደረቴ ላይ ለዓመታት የነበረው ክብደት የለም፤ መኖሩንም ያወቅሁት ሲጠፋ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ «እዚህ አገር ሰውን የሚያስከፋው ነገር ምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄውን ለማረፊያው ባለቤት ተረጎምኩላት። ሳቀችና ልጆቿ ሦስቱም ተሰደው እንደቀሩ ነገረችኝ። «ለእናንተ ሰፊ ነው፤ ለእኛ ጠባብ ነው» አለች። «እዚህ ተወልደህ ስታድግ ባሕሩ እንደ ግድግዳ ነው።» ባለቤቴ ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

ልጃችን በየምሽቱ ትደውል ነበር። መሐል ላይ አንድ ቀን ሳትደውል ቀረች። በማግስቱ ስትደውል ድምጿ ጎርንኖ ነበር፤ ጉንፋን ይዞኛል አለችኝ። በዚያው ቀን የአትክልት ቦታ ሄደን ትልልቅ ኤሊዎች አይተን መምጣታችን ነው። የአንዱ ኤሊ ጀርባ ጠረጴዛ ያህላል። ቅጠል ሳቀርብለት አንገቱን እንደ ሽማግሌ ቀስ አድርጎ አወጣና ከእጄ ሲቀበለኝ፣ እኔ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ ሻሼ ወደ ኋላ እስኪንሸራተት ሳቅሁ። ባለቤቴ ፎቶ አንስቶኝ ነበርና ለልጃችን ላክንላት። ስትደውል ስለ ፎቶው አንድም ነገር አላለችም።

«እማዬ፣ ሁለት ቀን ጨምሩ» አለችኝ። «መመለሻችሁን አስተካክለዋለሁ።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው። መንገዱም ተዘግቷል አሉ። መጥታችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

እንደ ልጅ ነበር የቦረቅሁት። ለባለቤቴ ስነግረው ሻንጣውን ከፈተና ቁምጣውን አወጣ። በነዚያ ሁለት ቀናት እንደ ዓሣ ከውኃው አልወጣንም። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም።

አዲስ አበባ ስንደርስ ልጃችን አየር ማረፊያ ተቀበለችን። ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ጉንፋኑ ነው አልኩ። እራት አቀረበችልን፤ ስለ ሲሼልስ ለመስማት ብዙም አልጓጓችም፤ ደክሟታል አልኩ። በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። እዚያው አዲስ አበባ የሚኖሩ ሁለት የሞጣ ዘመዶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ፣ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ማን አለ? ከመቀመጣቸው በፊት ቆምኩ።

«ማናት?» አልኩ። ማን ነው አላልኩም።

ታላቅየው ትከሻዬን ያዘኝ። «እናታችን አርፋለች» አለ።

የጮህኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው ትንሽ ቆይቼ «ቀብሩ መቼ ነው?» ብዬ መጠየቄን ነው። እርስ በርስ ተያዩ።

«ተቀብራለች» አለ ታላቅየው በመጨረሻ። «ሰልስቷም ወጥቷል።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። የእትዬ የመጀመሪያ ልጅ ለንግድ ባሕር ዳር ወርዶ ነበርና ከዚያ የደወለው ለእሷ ነው። እኛ ባሕሩ ዳር ሳለን ታውቅ ነበር።

«አንቺ አውቀሽ?» አልኳት።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር እማዬ? እስክትመጪ አይጠብቁሽም። መንገዱ ዝግ ነው። እዚያ ባዕድ አገር ማን ይዞሽ ታለቅሺ ነበር?»

«ልጅቱ ወጉን ነው የጠበቀችው» አለ ዘመዴ። «ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ቤቱ ገብቶ፣ ሰው ከብቦት ነው።»

ወጉን አውቀዋለሁ። እኔም ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ያን ጠዋት ግን ወጉ አልታየኝም። የታየኝ ኤሊው ነው። ቅጠሉን ሳጎርሰው፣ ሞጣ ላይ የእናቴን ሰልስት ንፍሮ ለሰው እያደሉ ነበር።

በአባይ በኩል መኪና ስለማያልፍ ወደ ባሕር ዳር በረርን። እዚያም ሞጣ የሚወስድ መኪና እስኪገኝ ተቀመጥን። ልጃችን ፈቃድ ስላላገኘች አዲስ አበባ ቀረች፤ እኔም ትምጣ ብዬ አልለመንኩም። ሞጣ ስንደርስ ድንኳኑ ተነሥቷል፤ የድንኳኑ ካስማ የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ ደጃፉ ላይ ቀርቷል። ከሩቅ ጀምሬ እየጮህኩ ስገባ ጎረቤቱ እንደገና ወጣ። እትዬ ናቸው ቀድመው የያዙኝ። አቅም በሌለው ክንዳቸው ጥምጥም አድርገው አልለቅም አሉኝ።

ሴቶቹ ከብበውኝ ተቀመጡ። አንዷ ፊቴን አይታ ደረቷን መታች። «አየ ኀዘን! እንዴት አድርጎ አጠቆራት!» አለች። ሌሎቹም «አጠቆራት፣ ከሰል አስመሰላት» እያሉ ተቀበሏት። አንገቴና ክንዴ ሳይቀር ጠቁሮ ነበር። ከወንዶቹ መሐል የተቀመጠውን ባለቤቴን አየሁት፤ እሱም ያየኛል፤ ግንባሩ በፀሐይ ተልጦ ነበር። ሁለታችንም አቀረቀርን።

ሰው ሲበተን እትዬ ቀሩ። እንዴት እንደሆነ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው።

«ምን እንዴት አለው» አሉ። «ደክሟት ሁለት ቀን ተኛች። ሰው መጥቶ ሲጠይቃት ስለ አንቺ ነበር ወሬዋ። ልጄ ባሕር ላይ ናት ትላለች። ምን ልታደርግ ሄደች ሲሏት፣ ልታርፍ ትላለች፤ ሰዉም ግራ ይገባዋል።» ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ጠረጉ። «እኔ ድካሟን አልወደድኩትም። ልጄ ባሕር ዳር ሊወርድ ነውና ለልጅሽ ይደውልላት አልኳት። ተያት አለችኝ። ትረፍበት።»

«አልጠራችኝም?»

«አልጠራችሽም። በማግስቱ በሯ ዘገየ። አንኳኳሁ።»

ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነው። ሰውም ሁሉ፣ ባለቤቴም ጭምር፣ ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው ይለኛል፤ መርቃ ነው የሄደች ይለኛል። እኔ ግን ብታስጠራኝ እመርጥ ነበር። ባልደርስም፣ መንገድ ላይ ብቀርም፣ ተጠርቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እስከ አርባዋ ሞጣ ቆየሁ። ከልጄ ጋር ስልክ ሲሠራ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ። ለአርባው ፈቃድ አግኝታ በባሕር ዳር በኩል መጣች። ጥቁር ልብስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ሸፍና፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ለካህናቱ ሳህን ስታቀርብ ዋለች። ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ባየኋት ጊዜ እናቴን መሰለችኝ። ሰው ሁሉ ሄዶ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስናጥብ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ተናገረች።

«ተቀይመሽኛል።»

«አልተቀየምኩም።»

«ተቀይመሽኛል እማዬ። ሁለት ቀን ጨምሩ በማለቴ ነው።»

ሳህኑን ማጠቧን ሳታቋርጥ ቀጠለች።

«ስሰማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተሳፋሪው እየገባ ነው። ፊቴን ታጠብኩና ለሰው እየሣቅሁ ቀበቶ አስታጠቅሁ። ልክ ስመለስ ልነግርሽ ቆርጬ ነበር። ስልኬን ስከፍት ያ ፎቶ ደርሷል። የኤሊው። እኔ ከተወለድኩ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ማቋረጥ አቃተኝ። ይቺን ሁለት ቀን ልጨምርላት አልኩ፤ ከዚያ በኋላ መቼም አትስቅም ብዬ።»

ተነሥቼ የታጠበውን ሳህን ከእጇ ተቀበልኳትና አደረቅሁት። ሌላውንም ሰጠችኝ። እንዲህ እያልን ዕቃው እስኪያልቅ ቆምን።

«ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ» አልኳት በመጨረሻ፣ «የትም ብሆን ንገሪኝ።»

«እሺ» አለች።

እሺታዋን ተቀበልኩ። እውነት ግን አልመሰለኝም፤ እሷም በእኔ ቦታ ብትሆን እኔ እንደማልነግራት አውቃለሁ።

የእናቴን ቤት ለአንዲት ወጣት አስተማሪና ለባሏ አከራየነው። አልጋውን ለቤተ ዘመድ ሰጠን፤ ልብሷን ለድሆች። ተከራዮቹ እስኪገቡ ቁልፉን ለእትዬ ሳስረክብ «እንግዲህ በሩ ቢዘገይም የማንኳኳው ለማን ነው» ብለው አለቀሱ። ባለቤቴ ቀድሞን ወደ ቢቸና ሄዶ ስለነበር እኔና ልጄ ብቻ ተሳፈርን። ሰማዩ ከብዶ ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። የኬላው ፍተሻ ረጅም ነበርና ወርደን ቆምን፤ ተፈትሸን ተመልሰን ተሳፈርን። መንገዱ ዳር ገበሬዎች ያርሳሉ። ልጄ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ የተኛች መስሎኝ ነበር።

«እማዬ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «በሚመጣው ዓመትም ቲኬቱ አለ። እንዲያው ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እዚያ መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

«ዝም በይ አሁን» አልኳት። «የእናቴ አርባ ገና ትናንት ወጥቶ።»

«ይቅርታ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። መመለስ እፈልጋለሁ። ያን ለብ ያለ ውኃ፣ ያን አውቶቡስ፣ በሩን ሳልዘጋ የተኛሁትን ከሰዓት በኋላ እፈልጋለሁ። ሐዘን ላይ ሆኜ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ከእናቴ መቃብር እየተመለስኩ እፈልገው ነበር። ይህን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።